ቢም በሀገራችን ግንባታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የሕንጻ ዲዛይን ማቀናጀት ነው። አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር ኢንጂነሩ፣ የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) እና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቹ የሠሩትን አንድ ላይ አምጥቼ የማይስማማውን እፈልጋለሁ። ስለ ቢም በየቢሮውና በየሳይቱ የምጠየቀው ነገር ይመሳሰላል። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ቢም ማለት ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እንፍታ። ሳይት ላይ «ቢም» ስትሉ ፎርማኑ የሚያስበው ከኮለን (ከምሰሶ) ወደ ኮለን የሚዘረጋውን አርማታ ነው። እሱም ትክክል ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሕንጻ መረጃ ሞዴሊንግ ነው። የእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል (BIM) ከዚያኛው ቢም ጋር ድምፁ ገጠመ። ስብሰባ ላይ የትኛውን ቢም እንደምትሉ ቀድማችሁ ብትናገሩ ብዙ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ሕንጻው መሬት ላይ ከመሠራቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ይገነባል። መስመር አትስሉም። ግድግዳ ታቆማላችሁ፣ በር ትገጥማላችሁ፣ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ትዘረጋላችሁ። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ወለል ላይ እንዳለ አብሮ ይመዘገባል። ፕላኑም፣ ሴክሽኑም (የቁርጥ ሥዕሉ)፣ ኤሌቬሽኑም (የውጭ ገጽታ ሥዕሉ)፣ የበርና መስኮት ሠንጠረዡም ከዚያው ከአንዱ ሞዴል ይወጣል።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም። ቻርልስ ኢስትማን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በእኛ አቆጣጠር 1960ዎቹ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ማለት ነው፣ ስለዚሁ አሠራር ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አልደረሰበትም። ዛሬ ደርሷል።

እኛም እኮ ስኬችአፕ በሚባለው ፕሮግራም ላይ 3ዲ እንሠራለን። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ለደንበኛ የሚታይ ምስል ቅርጽ ነው። ቢም ቅርጹን ከመረጃው ጋር ይይዛል። በምሳሌ ላሳያችሁ።

5 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ አለ እንበል። 15 ካሬ ሜትር ነው። 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነ መስኮት ስታስገቡበት 1.8 ካሬ ይቀነስና 13.2 ካሬ ይቀራል። ባለቤቱ መጣና «መስኮቱ ይስፋ» አለ። 2 ሜትር አደረጋችሁት። ግድግዳው ወዲያው 12.6 ካሬ ይሆናል። የመስታወቱ ስፋት ይጨምራል። ፕላኑ ላይ፣ ኤሌቬሽኑ ላይና ሠንጠረዡ ላይ መስኮቱ ይለወጣል። አንድ ቦታ ነካችሁ፣ ሁሉም ቦታ ተስተካከለ።

መስመር በሚሳልበት ፕሮግራም፣ አውቶካድ ላይ፣ ይህንኑ ለውጥ አራት አምስት ሉህ ላይ በእጅ ታስተካክላላችሁ። አንዱን ትረሳላችሁ። የተረሳችው ሉህ ደግሞ ሳይት ላይ ትደርሳለች።

ይህ ለሀብታም ሀገር የሚሆን ቅንጦት አይደለም ወይ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጂ ፕላስ 9 ሕንጻ ላይ ሳይት ኢንጂነር ነበርኩ። አርክቴክቱ መጸዳጃ ቤቱን 60 ሴንቲ ሜትር አዛወረ። ምክንያት ነበረው፤ የደረጃው መተላለፊያ ጠቦ ነው። አዲሱን ፕላን በቴሌግራም ላከ። የሳኒተሪ ኢንጂነሯ ግን በፊተኛው ፕላን ላይ ሥራዋን ጨርሳ ነበር። የስትራክቸሩ ሰው ደግሞ ቢሙን በአዲሱ ፕላን መሠረት አስቀመጠ። ሦስቱም ትጉህ ሰዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ሥዕል ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም።

ሶሌታው ተሞላ። ቧንቧ ሠራተኛው መጣና 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦውን ሊያሳልፍ ሲል ፊት ለፊቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቢም ቆሟል። ማለፊያ ቀዳዳ አልተተወለትም። ጠዋት ሳይት ስደርስ ቢሙን መቦርቦር ተጀምሮ ፌሮው ወጥቶ ይታይ ነበር። አስቆምነው። ስብሰባ ሆነ። በመጨረሻ ቱቦው ከቢሙ በታች እንዲያልፍ ተደረገና ኮርኒሱ ወረደ። የጂፕሰም ሥራው እንደገና ተሠራ። ይህ ደግሞ በአንድ ወለል ብቻ አልቆመም፤ ወለሎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እስከ ላይ ድረስ ተደገመ።

ነገሩ ለምን እንደሚደበቅ ልብ በሉ። የፍሳሽ ቱቦ ተዳፋት ይፈልጋል። በ2 በመቶ ተዳፋት 6 ሜትር የሚሄድ ቱቦ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ፕላን ላይ ግን ቱቦው አንድ መስመር ነው። መውረዱ አይታይም። ቢሙም ፕላን ላይ ሁለት የተቆራረጡ መስመሮች ነው። ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አይታይም። ሞዴል ውስጥ ሁለቱም እውነተኛ ቁመታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከተጋጩ በቀይ ይታያሉ። እኛ ይህን «ክላሽ» እንለዋለን።

እንግዲህ ቅንጦቱ የትኛው ነው? አፍርሶ መሥራት ነው ቅንጦቱ። የምናፈርሰው ሴራሚክ፣ የምንጥለው ኬብል፣ ሻፍቱ ስለጠበበ የማይገባው ሊፍት አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ሀብታም ሀገር ሁለት ጊዜ ቢሠራ ይከፋዋል እንጂ አይቆምም። እኛ ጋ ግን ሕንጻው ራሱ ይቆማል። በየከተማው ፌሮው ሰማይ ሰማይ እያየ ዓመታት ያስቆጠረውን ግንባታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የዲዛይን አለመናበብ አንዱ ነው።

ስንት ያስወጣል?

ብዙ። ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ሬቪት የሚባለው የቢም ፕሮግራም ለአንድ ኮምፒውተር የዓመት ኪራዩ ከ2,500 ዶላር ይበልጣል። አምራቹ ኦቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚቀመጥ ፈቃድ አይሸጥም፤ በየዓመቱ መክፈል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ በኋላ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ከ100 ብር በላይ ወጣ። በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ ለአንድ ሰው በዓመት ሩብ ሚሊዮን ብር ነው። ለትንሽ አማካሪ ቢሮ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ግን ሁሉም ሰው ፈቃዱን አያስፈልገውም። አሥር ሰው ባለበት ቢሮ ሞዴል የሚሠሩት ሁለት ወይም ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላው የሚያየው ነው። ለማየት የሚያገለግሉ እንደ ናቪስዎርክስ ፍሪደምና ቢም ቪዥን ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ሬቪት ኤልቲ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፤ ችግሩ ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ላይ አብሮ መሥራት አይችልበትም። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ቦንሳይ ደግሞ ጭራሽ ነጻ ነው። ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወጣቶቹ ግን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ራም ካለው መካከለኛ ሕንጻ ይይዝላችኋል። ብትችሉ 32 ይሁን።

ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚሠራ ኮፒ) ብንጠቀምስ?

ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። አልመክርም። ሕጉን ለጊዜው ተዉትና ሥራውን ብቻ እዩ። ከማን እጅ እንደመጣ የማታውቁትን ፕሮግራም የደንበኛችሁ ዲዛይን ባለበት ኮምፒውተር ላይ ትጭናላችሁ። ከውጭ ድርጅት ጋር አብሮ የመሥራት ዕድል ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቁት የፈቃድ ቁጥራችሁን ነው።

መብራት እየጠፋ፣ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ይቻላል?

ይቻላል። ቢም የግድ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰርቨር፣ የውስጥ ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ይበቃል። ዩፒኤሱ ላይ አትሰስቱ። ሴቭ እየተደረገ እያለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በየማታው ኮፒ አስቀምጡ።

ከየት ልጀምር?

ከትንሽ። ቢሮውን በሙሉ በአንድ ወር ወደ ሬቪት አዛውራለሁ ያለ ሰው መጨረሻው ወደ አውቶካድ መመለስ ነው። የማስረከቢያ ቀን ይደርሳል፣ ልጆቹ አልለመዱትም፣ ጭንቀት ይመጣል፣ ከዚያ «ለሀገራችን አይሆንም» ይባላል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ፕሮጀክት ምረጡ። ባለቤቱ የማይቸኩል፣ ቡድኑ የሚግባባ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙሉውን ሕንጻ በዝርዝር ለመሥራት አትድከሙ። መጀመሪያ ኮለንና ቢሙን፣ ሶሌታውን፣ ግድግዳውን አቁሙ። ከዚያ ቱቦ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ብቻ ውሰዱ፦ መጸዳጃ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ የቱቦ ሻፍት፣ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ክፍል። ጣጣው ያለው እዚያ ነው። የበር እጀታ ሞዴል ለማድረግ ሁለት ቀን የሚያጠፋ ልጅ ካያችሁ በፍቅር አስቁሙት።

ሞዴሉ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዝ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ለዚህ «ሎድ» (LOD፣ የዝርዝር ደረጃ) የሚባል መለኪያ አለ። 100 ላይ ሕንጻው ጠቅላላ ቅርጽ ብቻ ነው። 300 ላይ ትክክለኛ መጠንና ቦታ ይኖረዋል። 400 ላይ ፋብሪካ ሊያመርተው እስከሚችል ድረስ ይዘረዘራል። ለአብዛኛው የእኛ ሥራ 300 ይበቃል። ግጭት በሚበዛበት ቦታ ትንሽ ጨምሩበት።

ሁለት ሕግ አውጡ። አንደኛው የፋይል ስም ነው። ማንም ሰው ስሙን አይቶ የትኛው ሕንጻ፣ የትኛው ሙያ፣ ስንተኛው ሪቪዥን እንደሆነ ማወቅ አለበት። «የመጨረሻ» የሚል ቃል በፋይል ስም ውስጥ አይግባ፤ የመጨረሻ የሆነ ፋይል የለም። ሁለተኛው ሳምንታዊ ስብሰባ ነው። ሁሉም ባለሙያ አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ግጭቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ማን እንደሚያስተካክልና እስከ መቼ እንደሆነ እዚያው ይጻፋል። ይህ ስብሰባ ከሌለ በዓለም ላይ ውድ የተባለው ሶፍትዌር ቢኖራችሁም ቢም የላችሁም። ስብሰባው ካለ ግን በተራ ሶፍትዌርም ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሬቪት 2025 የተቀመጠ ፋይል በ2023 አይከፈትም። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ቢሮ በአንድ ቨርዥን ይስማማ። የተለያየ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ አርኪካድ ሌላው ቴክላ ቢሆን፣ አይኤፍሲ በሚባለው የጋራ ፎርማት ተለዋወጡ።

የስትራክቸር ኢንጂነር ነኝ። ኢታብስ ላይ ሞዴል አለኝ፤ አይበቃም?

ኢታብስ የስትራክቸር ማስሊያ ፕሮግራም ነው፤ ሞዴሉም ለስሌት ነው። እዚያ ቢም ማለት በመሐል የሚያልፍ ዘንግ ነው። ቱቦ ይነካው አይነካው አያውቅም። ከኢታብስ ወደ ሬቪት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ከተላለፈ በኋላ ግን ቦታውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ኳንቲቲ ሰርቬየሮች (የሥራ መጠን ለክተው የሚያሰሉት) ሥራ ያጣሉ?

አያጡም። እንዲያውም ሞዴሉን በጥርጣሬ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሞዴሉ የሚቆጥረው የተሠራበትን ነው። ኮለኑና ሶሌታው በትክክል ካልተያያዙ የሚደራረቡበትን አርማታ ሁለት ጊዜ ሊቆጥር ይችላል። የውላችን የመለኪያ ደንብ ደግሞ፣ ባትኮዳ የተባለው የቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያወጣውን ጨምሮ፣ የራሱ አካሄድ አለው። ፕሮግራሙ የራሱን አካሄድ ነው የሚያውቀው። ፌሮም አለ። ብረት በ12 ሜትር ነው የሚመጣው። ተቆርጦ የሚቀረው ብክነት ሞዴሉ ውስጥ የለም። እሱን የሚያውቀው ልምድ ያለው ሰው ነው።

የሚቀንሰው በስኬል እየለኩ ቴክኦፍ (የመጠን መለኪያ ቅጽ) መሙላቱ ነው። የተረፈውን ጊዜ ዋጋ ለማጥናትና የክፍያ ሰርተፊኬት በአግባቡ ለመመርመር ብታውሉት ለሁሉም ይሻላል።

ተቋራጭ ነኝ። አማካሪው በአውቶካድ ብቻ ነው የሰጠኝ። ምን ላድርግ?

ራሳችሁ አቁሙት። ውል ከፈረማችሁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ ጎበዝ ልጅ መድቡና ሥዕሎቹን ወደ ሞዴል ይቀይር። የሚጋጨውን፣ የጎደለውን፣ ሁለት ሉህ ላይ ሁለት ልክ ያለውን ይመዝግብ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ለአማካሪው በደብዳቤ ጥያቄ አቅርቡ። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ያገኛል። ከተሞላ በኋላ ከሆነ ግን ጭቅጭቅ ነው። የጊዜ ማራዘሚያ ስትጠይቁም ይህ መዝገብ ማስረጃችሁ ይሆናል።

ለጂ ፕላስ 4 ሕንጻ ያስፈልጋል?

ለአንድ ቀላል መኖሪያ ቤት ግድ አልልም። ተደጋግሞ ለሚሠራ ሕንጻ ግን በጣም ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ብሎኮችን አስቡ። አንድ ዓይነት ንድፍ በየሳይቱ ይተከላል። ንድፉ ውስጥ ያለች አንዲት ስህተት በብሎኩ ቁጥር ትባዛለች። እያንዳንዷ ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ ያንኑ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ያንኑ ቱቦ ያዛውራል። እንዲህ ላለው ንድፍ ሁለት ወር ሞዴል ላይ ቢጠፋ ከምንም አይቆጠርም።

መንግሥት ቢያስገድድ አይሻልም?

ይሻላል፤ ግን በደረጃና ጊዜ ሰጥቶ። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 አስታውቆ በራሱ ፕሮጀክቶች ላይ ግዴታ ያደረገው ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ነው። አምስት ዓመት ሰጠ ማለት ነው። ሲንጋፖር ለፈቃድ የሚገባውን የአርክቴክቸር ሥራ በ2013 ከ20,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዲስ ሕንጻዎች ግዴታ አደረገች። በ2015 ወደ 5,000 ካሬ አወረደችው። ዱባይም ከ2014 ጀምሮ ከትልልቆቹ ሕንጻዎች ነው የተነሣችው።

እኛ ጋ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ስለ ቢም ሲያስተምርና ሲያሠለጥን ቆይቷል። ጥሩ ጅምር ነው። እንደ እኔ ግን ሥልጠና ብቻውን አያራምድም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሆስፒታል ጨረታ ሲወጣ ሰነዱ ውስጥ ሞዴል ይጠየቅ። ሆስፒታል ያልኩት በምክንያት ነው። የኦክስጅን መስመር፣ የአየር ዳክት፣ ውሃ፣ ፍሳሽና ኬብል ሁሉ በአንድ ኮርኒስ ውስጥ ይጨናነቃሉ። የቢም ጥቅም ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ጠያቂው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ማወቅ አለበት። ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 19650 ደረጃም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አሠሪው ምን መረጃ እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ያስቀምጥ ይላል። «በቢም ይሠራ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ዋጋ ከማስወደድ በቀር ምንም አይፈይድም።

ውል ላይ ምን እናስገባ?

ሞዴሉና የተፈረመበት ሥዕል ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና ጻፉ። እስካሁን ፊርማና ማህተም ያለው ሉሁ ላይ ነውና ብዙ ጊዜ ሉሁ ይጸናል። ሞዴሉ የማን ንብረት እንደሆነ፣ ሕንጻው ሲያልቅ ለባለቤቱ ይሰጥ አይሰጥ፣ በየትኛው ፎርማት እንደሚሰጥ ይገለጽ።

ክፍያውም ይታይ። ቢም ድካሙን ወደ ፊት ያመጣዋል። አማካሪው ገና በመጀመሪያው ወር ብዙ ውሳኔ ይወስናል፣ ብዙ ሰዓት ያጠፋል። ክፍያው ግን በድሮው ልማድ ሥዕል ሲያልቅ ከሆነ ቢሮው መሐል መንገድ ላይ ገንዘብ ያልቅበታል። የተቀናጀ ሞዴል ሲቀርብ የሚከፈል አንድ ክፍያ ለይታችሁ አስቀምጡ። ባለቤቶችን የምለምነው ይህንን ነው። ርካሽ ዲዛይን ገዝታችሁ ውድ ማፍረስ አትክፈሉ።

ተማሪ ነኝ። ብማረው ሥራ አገኛለሁ?

ዕድልህም ዕድልሽም ይሰፋል። ለተማሪ ኦቶዴስክ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ለተከፋይ ሥራ ግን አይፈቀድም። ዱባይ በትልልቅ ሕንጻዎች ላይ ግዴታ ስላደረገችው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሞዴል የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ቢሮዎች የሚሠሩ ልጆችም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በተን መጫን ከማወቅ በፊት ሕንጻ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ክረምት ላይ ሳይት ውረዱ። ፌሮ ሲታሰር፣ ሶሌታ ሲሞላ እዩ። ሞዴል ላይ የማይገጠም ቱቦ የሚገጥሙት አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧ ሲገጠም አይተው የማያውቁ ናቸው።

ፎርማኑና ባለሙያው ሞዴሉን ይረዱታል?

ከምታስቡት በላይ። ፕላን ማንበብ ትምህርት ይፈልጋል። 3ዲ ግን ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን ባለሁበት ሳይት የደረጃው ፌሮ አስቸጋሪ ነበር። ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ሥዕሉ ላይ አራት ሴክሽን አለ፣ ማንም አልገባውም። ከሞዴሉ ላይ በሦስት አቅጣጫ ምስል አውጥተን በኤ3 ወረቀት አተምንና ሰጠናቸው። ፌሮ የሚያስሩት አንድ አዛውንት ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ይቺ ዘንግ እዚህ ጋ ስትታጠፍ ከላይኛዋ ጋር አትጋጭም?» ብለው ጠየቁ። ተመልሰን ሞዴሉን አየነው። ልክ ነበሩ፤ ትጋጫለች። አስተካክለን በማግሥቱ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ወለል ስንጀምር ምስሉን መጀመሪያ የምናሳየው ለእሳቸው ነው።